ድርብ ፍራሽ

ሻርጃ ሰናያ ውስጥ፣ ከጎማ ቤት አጠገብ፣
ሥራዬ መተኛት ነው፣ ገዢ ሲሰበሰብ።
"ና ደርቤ፣ ተኛ!" ይላል ኮያ አለቃዬ፤
ጫማዬን አወልቃለሁ፤ ቀዳዳ ነው ካልሲዬ።
ሃምሳ ስምንት ኪሎ ነኝ፤ አጥንቴ ይበዛል፤
የሦስት ወር ደሞዜ ከሥሬ ይነጠፋል።

ከታች ሺህ ሞላ አለው፣ ከላይ ስፖንጅ ለብሷል፤
በመሃል ሰማያዊ፣ ቀዝቃዛ ጄል ፈሷል።
"ድቅል ነው" ይላል ኮያ፤ እኔ በቅሎ እለዋለሁ፤
አባቱን ቢጠይቁት አጎቱን እንዳይጠራ እሰጋለሁ።

በጎኑ ለሚተኛ ሰው እጅግ ይመቻል፤
ትከሻው ሲሰምጥለት ክንዱ መደንዘዝ ይተዋል።
በጀርባ ለሚተኛም ወገቡን ይደግፋል፤
ማሪቴስ የምትባል የሌሊት ተረኛ ነርስ
ሞክራው እንቅልፍ ወሰዳት፤ ማን ደፍሮ ይቀሰቅሳል?
ኮያ መብራት ቀነሰላት፣ የሥራ ሰዓቷ እስኪደርስ።
በሆድ ለሚተኛ ግን አልመክርም፤ ሆድ ይሰምጣል፣
ጀርባ እንደ ጀልባ ይጎብጣል።
ከባዱ አቡ ሐማድ ጠርዙ ላይ ሲቀመጥ
ጠርዙ ከዳው፤ ያዝኩት እሱም እንዳይገለበጥ።

ለባልና ሚስት ደግሞ ብርጭቆ ውሃ ሞልቶ
ኮያ ከዳር ያኖራል፤ እኔ እገላበጣለሁ።
ውሃው አይነቃነቅም። ባል ያያል አንገት ደፍቶ፤
"አንዱ ቢሄድ ሌላው አያውቅም" ይላል ኮያ፤ እኔም እነሳለሁ።

"ቅዝቃዜውስ?" ይላሉ። ይቀዘቅዛል በእውነት፤
መደብሩ ግን ራሱ በረዶ ቤት ነው፣ ነሐሴ ከደጅ የቆመበት።

የኔ መኝታ ሮላ ነው፤ ስምንት ሰው ባንድ ክፍል፣
አንድ አልጋ ለሁለት ሰው፣ ቀንና ሌት ሲከፈል።
ተማም የወራቤው ልጅ ሌሊት ዳቦ ቤት ይሠራል፤
እኔ ስወጣ ይገባል፣ እኔ ስገባ ወጥቷል።
ሦስት ዓመት የተኛሁት እሱ ባሞቀው ጉድጓድ፤
ትራሱ እርሾ እርሾ ሲል፣ አንሶላው ትኩስ አመድ።
ረግሜዋለሁ ያን ሙቀት፤ ግን በሱ ነበር የማነበው፦
ጉድጓዱ ጠለቅ ካለ፣ ተማም ደህና ተኝቶ ነው፤
አንሶላው ከተጠማዘዘ፣ ከቤት ደውለው አስጨንቀውት ነው።

በሰኔ አንዱ ድቅል ከገዢ ተመለሰ፤
ሻይ ካርታ ሠርቶበታል፤ "ጣለው" አለኝ ኮያ እያስነጠሰ።
አልጣልኩትም። ከተማም ጋር በአናታችን ተሸክመን፣
አራት ፎቅ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣ እየሳቅን እያላበን።

ማታ ገባሁ፤ አልጋው ቀዝቃዛ። እጄን ዘረጋሁ፤ ጉድጓድ የለም፤
ለጥ ያለ ሜዳ፣ ሰው ያልረገጠው። "ተመስገን" አልኩ፤ ብዙም አላሰብኩም።

አንድ ማታ ስገባ እንደ ወትሮው ቀዝቅዟል፤
የተማም ነጠላ ጫማ የለም፤ ፎጣው ደርቆ ተሰቅሏል።
"ከሰኞ ወዲህ አላየነውም" አሉኝ ከላይኛው አልጋ።
ሰኞም ቀዝቃዛ ነበር። ማክሰኞም። ፍራሹን ደጋግሜ ዳበስኩ፤
ሁሉም ቀን አንድ ነው በሱ ዘንድ።

ስልኩ ዝግ። በእግሬ ወጣሁ፣ ዳቦ ቤቱ ድረስ፣
ላቤ ከጉልበቴ ወርዶ ጫማዬን እስኪያርስ።
ከምድጃው ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያ ላይ፣
ተማም ተኝቷል፤ ክንዶቹ ተዘርግተው እንደ ዋናተኛ፣
በሆዱ።
በሆዱ!
ሦስት ዓመት አንድ አልጋ፤ ተኝቶ አይቼው አላውቅም፤
ጉድጓዱን ሳነብ ኖሬ፣ የሆድ መሆኑ አልገባኝም።

ጋጋሪው ጉል ዛማን በተሰባበረ ዓረብኛ፣
"ወገቡን ቆረጠው ያ ፍራሽ" አለኝ፤ "'ደርቤ ደስ ብሎታል' ብሎ
ላንተ አልነግርም አለ። አራተኛ ቀኑ ነው ከዚህ ሲተኛ።"

አልቀሰቀስኩትም። መዳፌን ከጀርባው አስጠጋሁ፤
ያን ሙቀት አወቅሁት፤ ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

በማግስቱ ኮያ ቅጽ ሰጠኝ፤ "ለማን ይመቻል? ሙላ" አለኝ።
ለጎን፣ ለጀርባ፣ ለሚያልበው፤ ለተማም አይሆንም፤
"ጉድለት" ከሚለው ሥርም፦ የተኛበትን ሰው ወሬ አይነግርም።
ኮያ አንብቦ ቀና አለ፤
"ተማም ማነው?" አለኝ።